አምስት ሳምንት አሽከርክሬ ድንጋዮቼ ደብዝዘው ወጡ፤ በርሜሉን አጥቤያለሁ፣ ምን ቀረኝ?

የምሽት ተረኛ · ሚኒያፖሊስ · ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ተናድጄ ልጽፍ ተነሳሁ።

ባለፈው ሰመር ልጄን ይዤ ሱፔሪየር ሐይቅ ዳርቻ ሄድን። የሱፔሪየርን አጌት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቀይና ብርቱካናማ፣ መስመር በመስመር፣ ቀለሙ ከብረት የመጣ። ከ1969 ጀምሮ የሚኒሶታ መለያ የከበረ ድንጋይ ነው። አንድ የአይስክሬም ባልዲ ሞልተን ተመለስን። 3 ፓውንድ የሚይዝ የጎማ በርሜል ያለው ታምብለር፣ ድንጋይ እያሽከረከረ የሚያለሰልስ ማሽን፣ ገዛሁ።

ያደረግሁት ይኸው። በ60/90 ግሪት (ድንጋዩን የሚፍቀው ሻካራ ዱቄት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይደቅቃል) ሁለት ሳምንት። በ120/220 አንድ ሳምንት። በ500 አንድ ሳምንት። መጨረሻ ላይ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ፖሊሽ አንድ ሳምንት። በየመሐሉ በርሜሉን ልብስ ማጠቢያው ሲንክ ላይ ሦስት ሦስቴ አለቅልቄዋለሁ። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ።

ዛሬ ከአዳር ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ምድር ቤት ወረድኩ። ከፈትኩት። እርጥብ ሆነው ሳያቸው መስታወት ናቸው። ፎጣ ላይ ሲደርቁ ግን ጉም ለበሱ። በስልክ መብራት ሳያቸው ጥቃቅን ጭረት አለባቸው፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ። ልጄ አይቶ «እማዬ፣ ሐይቁ ዳር ይሻሉ ነበር» አለኝ።

ችግሩ ፖሊሹ ነው ወይስ አስተጣጠቤ?

ሞተር አይጥፋ · አዲስ አበባ · ቅዳሜ

አይዞሽ እህቴ። የመጀመሪያ በርሜሉ ያማረለት ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክዳኑን ፈታተሽ ታጥቢያለሽ? «በርሜሉን አለቅልቄዋለሁ» ስትዪ ክዳኑ ከወሬው ጠፋብኝ።

የምሽት ተረኛ · ቅዳሜ

ክዳኑን በቧንቧ መታ መታ አድርጌዋለሁ። ይፈታል እንዴ?

ሞተር አይጥፋ · ቅዳሜ

ጋሼ ይምጡልን።

ጋሽ ጠጠር · አውሮራ፣ ኮሎራዶ · ቅዳሜ ከሰዓት

መጣሁ። ልጄ፣ እንደገና ከማጠብሽ በፊት ጭረቱን አንብቢው። አሥር እጥፍ የምታጎላ ትንሽ ሌንስ ይኑርሽ። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ አቅጣጫው የተዘበራረቀ መስመር ካየሽ ካለፈ ዙር ሻካራ ግሪት አብሮሽ መጥቷል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ የጥፍር ቅርጽ ያላቸው ነጫጭ ምልክቶች ከሆኑ ድንጋዮቹ ተላትመዋል፤ በርሜልሽ ጎድሎ ነበር ማለት ነው። መስመርም ምልክትም ሳይኖር ሁሉም ጉም ከሆነ ደግሞ አንዱን ዙር ሳይጠግብ አውጥተሽዋል። አነጋገርሽ ወደ መጀመሪያው ያደላል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የ60 ግሪት ፍሬ ሩብ ሚሊሜትር ያህላል። የፖሊሹ ፍሬ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ግሪቱ የተሠራበት ሲሊከን ካርባይድ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ9 ያልፋል፤ አጌትሽ 7 ገደማ ነው። ግን ግሪት ሲሠራ ይሰባበራል። ሳምንት ሙሉ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ የከረመው ሳምንቱ ሲያልቅ ጭቃ ሆኗል። እሱን ብዙም አልፈራውም። እኔ የምፈራው ሥራ ያልገባውን ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ ክዳኑ ጠርዝ ወጥቶ እዚያው የተኛውን። የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጦ ሳምንቱን የዋለውን። እሱ ከከረጢቱ እንደወጣ ስለታም ነው። አንቺ ፖሊሹን ስትጨምሪ ከእንቅልፉ ይነሳል።

ስለዚህ ስታጥቢ የተደበቀውን አድኚ። ጭቃው በራሱ ይሄዳል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። በርሜሉን ውጭ አውጥቼ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፤ አንዳንዴ ጋዝ ይቋጥራልና ፊቴን ዞር አድርጌ። ሁለት ባልዲ ውሃ አለኝ። አንደኛው ላይ የፕላስቲክ ማጥለያ አስቀምጬ ሁሉንም እገለብጣለሁ። ድንጋዮቹን ማጥለያው ውስጥ እንዳሉ እነክራለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ደግሞ እነክራለሁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ባልዲ።

ቀጥሎ በርሜሉ። ውስጡ ለስላሳ ጎማ ስለሆነ አያስቸግርም። ታች ጥጉን ግን በጥርስ ብሩሽ እዞረዋለሁ። ክዳኑ ላይ ነው ጊዜ የምወስደው። ዳዶውን እፈታለሁ፣ ሮንዴላውን አወጣለሁ፣ የብረቱን ክዳን ከጎማው እለያለሁ። የጎማው ክዳን ከበርሜሉ አፍ ጋር የሚገጥምበት ቦይ አለ። ጥፍሬን እዚያ አስገብቼ ዙሪያውን እሄዳለሁ። የሆነ ቦታ ከቆረቆረኝ እንደገና።

ከዚያ ድንጋዮቹ፣ አንድ በአንድ፣ በብሩሽ። ስንጥቁን በስቴኪኒ። ስቴኪኒ ደርሶ የማይመለስበት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ወይ ወደ 60ው ይመለሳል ወይ አበባ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳል። «ቆንጆ እኮ ነው፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ» ይላል። ያቺ አንድ ቀዳዳ ናት አርባውን የምታበላሸው።

መጨረሻ የሳሙና ዙር ነው። ድንጋዮቹን በርሜሉ ውስጥ እመልሳለሁ፣ ውሃ እስኪሸፍናቸው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቦራክስ ወይም ትንሽ የተፈገፈገ ነጭ የገላ ሳሙና። ሁለት ሰዓት ያህል ይዞራል። ከ500 ወደ ፖሊሽ ስሻገር ግን ሌሊቱን አሳድረዋለሁ።

ጠራ አልጠራ የምለው በሲኒ ነው። የመጨረሻውን እጣቢ ነጭ ሲኒ ውስጥ ቀድቼ ሩብ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ቀስ ብዬ አፈሰዋለሁ። የሲኒውን ቂጥ በጣቴ ስዳብስ እንደ ቡና አተላ የሚሻክር ነገር ካለ፣ እጣቢው የቱንም ያህል ጥርት ቢል አልታጠበም። ውሃው ጠራ ማለት ቀላሉ ጭቃ ሄደ ማለት ብቻ ነው፤ ግሪት ከባድ ነው፣ ታች ይቀመጣል። ባለቤቴ ሲኒዎቿን ትቆጥራለች፣ እኔ ዝም እላለሁ።

ውሃ ልክ · ሲልቨር ስፕሪንግ · ቅዳሜ ማታ

ጋሽ የተናገሩት ሁሉ ልክ። እኔ ግን ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። እህቴ፣ «ልብስ ማጠቢያው ሲንክ ላይ» አልሽ?

ተይው። በእናትሽ ተይው። ያ ጭቃ ቧንቧ ውስጥ ሲቀመጥ ሲሚንቶ ነው። እኔ ስምንት ወር እንዲሁ አፍስሼ አንድ ቀን የወጥ ቤቱም የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ ወደ ላይ ተመለሰብኝ። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ከቱቦው ግራጫ ድንጋይ መሳይ ነገር ቆርጦ አወጣና «ቤት እየሠራችሁ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ጠጠር እያጠብኩ ነው ልበለው?

ባልዲ ውስጥ ጨምሪው፣ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፣ ከላይ የጠለለውን ውሃ ግቢ ድፊው፣ ታች የቀረውን በፕላስቲክ ቋጥረሽ ቆሻሻ ውስጥ።

የምሽት ተረኛ · ቅዳሜ ማታ

ወይኔ! አምስት ሳምንት ሙሉ። ቤቱ ደግሞ የኪራይ ነው።

ጭቃው ደርቆ ቢያድርስ? ሲንኩ ጠርዝ ላይ የደረቀ አለ፣ በደረቅ ጨርቅ ልጠርገው ነበር።

ጋሽ ጠጠር · ቅዳሜ ማታ

በደረቁ እንዳትነኪው። ከአጌት የወጣ ዱቄት ሲሊካ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አርጥበሽ በእርጥብ ጨርቅ አንሺው። አንቺ የጤና ሰው ትመስይኛለሽ፣ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የምሽት ተረኛ · ቅዳሜ ማታ

ነርስ ነኝ ጋሼ። ሳንባው ገባኝ፣ ክዳኑ ነው ያልገባኝ።

የኔጌቭ ጠጠር · ቤርሼባ · እሑድ

እኔ እዚህ በረሃው ውስጥ የማነሳውን ባልጩት ነው የማሽከረክረው። ፍሊንት የሚሉትን። ከኔ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። የባልጩቱ ነጭ ቅርፊት ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ ግሪት ይጠጣል። ብሩሽም ስቴኪኒም አያወጣውም። ቅርፊቱ የመጀመሪያው ዙር ላይ ካላለቀ ወደ ሁለተኛው አላሳልፈውም። ሦስት ሳምንትም አራት ሳምንትም ቢፈጅ በ60ው ይክረም። አጌት ላይም ያ የኖራ ድንጋይ የሚመስል ሻካራ ቆዳ ያለበት አለ፣ ተመልከቺው።

ብሩሾቼን ደግሞ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ቀይ ለ60፣ ሮዝ ለ220፣ ቀለም የሌለው ለፖሊሽ። አንዱን ብሩሽ ለሁሉም መጠቀም ግሪቱን በእጅ ተሸክሞ ማሻገር ነው።

ሞተር አይጥፋ · እሑድ

የኔው በርሜል የቤት ሥራ ነው። ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ፣ ጫፍና ጫፉ በጥርስ የሚጠብቅ ክዳን፣ ሞተሩ ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በርሜሎች እንዳንቺው ተበላሹ። ጥርሱ ነበር። እያንዳንዱ የጥርስ መስመር ውስጥ ግሪት ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። በብሩሽ ብል በመርፌ ብል አልወጣ አለኝ። አሁን ክዳኑን ሳጠብቅ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ከውስጥ አደርግለታለሁ፣ ግሪቱ ጥርሱ ጋ አይደርስም። ዙር ስለውጥ ቀለበቱንም እለውጣለሁ። ከጎማ ቤት በነጻ ነው የማገኘው።

የኛ ሌላው ጣጣ መብራት ነው። መሐል ላይ ሲሄድ ድንጋዩና ግሪቱ ታች ይረጋል። ጥቂት ሰዓት ከሆነ መልሶ ሲመጣ በእጄ ሁለት ሦስቴ አገላብጬ አስነሳዋለሁ። ሁለት ቀን ከቆየ ግን ከፍቼ አጥባለሁ። አንዴ ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄጄ ስመለስ በርሜሉ ውስጥ አንድ ወጥ ድንጋይ ጠበቀኝ። በመሮ ነው ያወጣሁት።

ውሃ ልክ · እሑድ

እኔ ይህ ሁሉ ድካም አይገባኝም። ለፖሊሽ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በርሜል ግዙ። ሌላ ግሪት አይቶት የማያውቅ። አበቃ።

ጋሽ ጠጠር · እሑድ

ጎማው ያረጀና የተሰነጣጠቀ ከሆነ እስማማለሁ። ደህና ከሆነ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሰው ሁለተኛ በርሜል ሲኖረው ድንጋዩን ማጠብ ይተዋል። ንጹሕ በርሜል ውስጥ ቆሻሻ ድንጋይ ይከታል። እኔ ከ2011 ጀምሮ በአንድ በርሜል ነው የምሠራው።

ውሃ ልክ · እሑድ

ጋሼ እርስዎ ታጋሽ ነዎት። እኔ ታጋሽ አይደለሁም፣ ልጆቼም አይደሉም። ሁለት በርሜል።

የምሽት ተረኛ · እሑድ ማታ

ክዳኑን ፈታሁት። ዳዶው ስር ምንም የለም። ቦዩ ውስጥ ግን ጥፍሬን ሳስገባ ጥቁር ነገር ወጣ፣ በመብራት ሲታይ ብልጭ ብልጭ የሚል። ሲኒ ውስጥ አጠብኩት። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አያንስም! አምስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ነበር ማለት ነው።

ልጠይቅ ግን። በርሜሉ እንዳይጎድል ብዬ የምጨምራቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች አሉ። እነሱንም እንደ ድንጋዩ በብሩሽ ማጠብ አለብኝ?

ጋሽ ጠጠር · እሑድ ማታ

የትኛው ዙር ላይ ነው የጨመርሻቸው?

የምሽት ተረኛ · እሑድ ማታ

ሁሉም ላይ። ከ60 ጀምሮ እስከ ፖሊሽ። አጥቤ አጥቤ።

ጋሽ ጠጠር · እሑድ ማታ

ወይ ጉድ።

የኔጌቭ ጠጠር · ሰኞ

አይታጠብም እህቴ። ፕላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ግሪቱ ይሰካበታል። ጥርስሽ መሐል እንደገባ ጤፍ ሳይሆን ግድግዳ ላይ እንደተመታ ሚስማር። በሌንስ ካየሽው ጥቁር ነጠብጣቡን ታይዋለሽ። ለ60 የዋለ ፕላስቲክ ለ60 ብቻ። ለፖሊሽ አዲስ። ሴራሚኩ ይሻላል፣ ጠንካራ ስለሆነ አይሰካበትም፤ እሱንም ቢሆን ለየዙሩ ለይቼ ነው የማስቀምጠው።

ሞተር አይጥፋ · ሰኞ

በነገራችን ላይ ፕላስቲኩ ይንሳፈፋል፣ ባልዲ ውስጥ ከድንጋዩ መለየት ቀላል ነው። ችግሩ ቀላልነቱ ነው፤ ከላይ ሲንሳፈፍ ንጹሕ ይመስላል።

የምሽት ተረኛ · ሰኞ

አሁን ምን ላድርግ? ከ60 ልጀምር?

ጋሽ ጠጠር · ሰኞ ማታ

አትጀምሪ። ጭረቱ ላይ ጥፍርሽን አሂጂ። ጥፍር ከያዘው ወደ 120/220 ይመለሳል። ካልያዘው በ500 አንድ ሳምንት ይበቃል። ሁሉንም ነገር አጥቢ፣ ባዶውን በርሜል ሳይቀር በውሃና በቦራክስ አንድ ሰዓት አዙሪው። አዲስ መሙያ ግዢ። ማንኪያሽንም እይው፤ የ60ውን ግሪት በቀዳሽበት ማንኪያ ፖሊሽ የምትቀጂ ከሆነ ይህ ሁሉ ወሬ ከንቱ ነው። ፎጣውንም።

የምሽት ተረኛ · ሰኞ ማታ

ማንኪያው አንድ ነው።

ፎጣውም።

ጋሽ ጠጠር · ሰኞ ማታ

አይ ልጄ።

የምሽት ተረኛ · ማክሰኞ

እሺ፣ ሁሉንም ለየሁ። እያጠብኩ እያለሁ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ወንድሜ ከወሎ ሲመጣ አንድ ትንሽ ከረጢት የደላንታ ኦፓል አምጥቶልኛል፣ ያልተሠራ። ቀለሙ ሲታይ ልብ ያጠፋል። በርሜሉ ከጠራ በኋላ ከአጌቱ ጋር ፖሊሹ ላይ ብቻ ልጨምረው?

የደላንታ ልጅ · ደሴ · ማክሰኞ ማታ

አንቺ ልጅ! እንዳታደርጊው! እኔ ኦፓል እነግዳለሁ፣ ለዚህ ስል ነው አካውንት የከፈትኩት።

የወገል ጤናው፣ ያው የደላንታው ኦፓል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ላይ ከወጣ ጀምሮ ስንቱ በውሃ ተበላሽቶ አይቻለሁ። የኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ብታስቀምጪው ይከብዳል፣ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ሲደርቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ወይ ይሰነጠቃል። ያ ንጹሕ ውሃ ሲሆን ነው። አንቺ የምታስገቢው ግን ጭቃ ያለበት፣ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ነው። ሁሉንም ይጠጣዋል። ቀለምና ጭስ እያጠጡ ጥቁር አድርገው የሚሸጡትም በዚሁ ባሕርይው ተጠቅመው ነው። በዚያ ላይ ጥንካሬው ከ6 አካባቢ አያልፍም፤ የአንቺ አጌት እየወቀጠው ያድራል።

ኦፓሉን በእጅ፣ በለስላሳ ወረቀት፣ በትንሽ ውሃ የሚሠራ ሰው ፈልጊለት። ወይም እንዳለ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጪው፣ ያምራል።

ሞተር አይጥፋ · ረቡዕ

ጥቁሩም ባልጩት፣ ኦብሲዲያን የሚሉት እንጂ ፍሊንቱ አይደለም፣ እንዲሁ ነው፤ ከአጌት ጋር አይስማማም። 5 ተኩል ገደማ ነው ጥንካሬው፣ ደግሞ ተሰባሪ። ጠርዙ በሙሉ ነጭ ነጭ ይመታል። እኔ ከስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር ያነሳሁትን ለብቻው፣ ብዙ የሴራሚክ መሙያ አድርጌለት ነው የማሽከረክረው። ስታጥበው ደግሞ ጓንት አድርግ፣ የተሰበረው ጠርዝ ምላጭ ነው። (ሰዎች በውስጥ መስመር ከመልካ ቁንጡሬ አካባቢ ላንሳ ወይ ትሉኛላችሁ። አታንሱ። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2024 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። እዚያ እግራችሁ ስር ያለው ስባሪ የስንት ሺህ ዘመን ሰው የሠራው መሣሪያ ሊሆን ይችላል።)

የደላንታ ልጅ · ረቡዕ

ልክ ብለሃል ወንድሜ። ለማንኛውም ይህ ታምብለር የምትሉት ስንት ያወጣል? እኛ ጋ ኬልቄዶን (የአጌት ዘመድ) የሚመስል ነገር ከኦፓሉ ጋር እየወጣ ይጣላል።

ሞተር አይጥፋ · ረቡዕ

አትግዛ፣ አብረን እንሠራዋለን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። አሮጌ ሞተር ብቻ ፈልግ።

የምሽት ተረኛ · ከሁለት ሳምንት ከአራት ቀን በኋላ

ተመለስኩ።

ጥፍር አልያዘውም ነበር፣ ስለዚህ ከ500 ጀመርኩ። በአዲስ ሴራሚክ፣ በአዲስ ብሩሽ፣ በአዲስ ማንኪያ። ሰባት ቀን። ከዚያ በረንዳ ላይ በሁለት ባልዲ ማጠብ፤ ጣቴ ደንዝዟል፣ እዚህ በረዶ ጀምሯል። የሳሙናውን ዙር ሌሊቱን አሳደርኩት። የመጀመሪያው ሲኒ ሻከረ። ሁለተኛውም ትንሽ ሻከረ፣ «ይበቃል» ልል ነበር፣ ጋሽ ትዝ አሉኝና ደገምኩ። ሦስተኛው ምንም የለውም።

ከ38 ድንጋይ ሰባቱን በቀዳዳ ምክንያት አወጣኋቸው። ልጄ አልቅሶ ሁለቱን ከአበባ ማሰሮው መልሶ ወሰዳቸው። የቀሩት 31 ፖሊሽ ገቡ። ዛሬ ጠዋት ከፈትኩ፣ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው፣ እስኪደርቁ ቆሜ ጠበቅኩ። ደረቁ። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይታያል፣ ጫፉ ሳይደበዝዝ። ሁለቱ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር አለ።

ሲንኩ እስካሁን ይፈሳል። ለአከራዬ ምንም አልነገርኩም።

ጋሽ ጠጠር · በዚያው ቀን

እሰይ ልጄ! ሁለቱን ከሚቀጥለው ባች ጋር በ500 አሳልፊያቸው። ለልጁ አንዱን ቀዳዳ ያለበትን ተይለት፤ ሲያድግ ለምን እንዳወጣሽው ይገባዋል።

ውሃ ልክ · በዚያው ቀን

እንኳን ደስ አለሽ። ሁለተኛ በርሜል ቢኖርሽ ግን ሦስት ሲኒ ባልፈጀብሽ ነበር።

ሞተር አይጥፋ · በዚያው ቀን

አሮጌውን ፕላስቲክ ጣልሽው?

የምሽት ተረኛ · በዚያው ቀን

አልጣልኩትም። ማሰሮ ውስጥ ከትቼ «60 ብቻ!!!» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ልጄ አጠገቡ የራስ ቅል ሥሎበታል።